ሮምን ያለ ታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ መዞር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ሮም ለጉብኝት የሚመጡ ሰዎች ስለ መጓጓዣ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዋጋዎቹ የ2025 ናቸው።

ሮም ውስጥ ኡበር የለም እንዴ?

አለ፤ ግን ማንም ሰው በግል መኪናው እየዞረ የሚሠራበት ርካሹ ዓይነት አይደለም። ያንን የሚላን ፍርድ ቤት በ2015 አግዶታል። ዛሬ በመተግበሪያው ሲጠሩ የሚመጣው ፈቃድ ያለው ጥቁር የኪራይ መኪና ወይም ራሱ የከተማው ነጭ ታክሲ ነው። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ከታክሲ ይወደዳል፤ ነጩን ደግሞ ከተራው ሄደው መያዝ ወይም በስልክ መጥራት ይችላሉ። መተግበሪያ የሌለው ሰው ሮም ላይ የሚቀርበት ነገር ትንሽ ነው።

በእግር ምን ያህል መሄድ እችላለሁ?

አብዛኛውን። ከኮሎሲየም እስከ ፒያሳ ቬኔዚያ በፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና ቀጥ ብሎ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ፓንቴዮን አሥር ደቂቃ፣ ከፓንቴዮን ፒያሳ ናቮና አምስት ደቂቃ፣ ከፓንቴዮን ወደ ትሬቪ ፏፏቴ አሥር ደቂቃ፣ ከትሬቪ የስፓኛ ደረጃዎች ደግሞ ሌላ አሥር ደቂቃ። ሜትሮው ፓንቴዮን፣ ናቮና እና ትራስቴቬሬ አጠገብ ጣቢያ የለውም፤ ስለዚህ እነዚህን ሰፈሮች በእግር ማየት የግድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኛ የምንመክረው ጠዋት በሜትሮ ወደ ሩቁ ቦታ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ወደ ማረፊያ እያቀኑ በእግር መመለስን ነው።

መሬቱ ግን ኮብልስቶን ነው፤ ድንጋዮቹ በቆይታ ለስልሰዋል፣ ዝናብ ሲነካቸው ያንሸራትታሉ። ተረከዘ ቀጭን ጫማም ሆነ ትንንሽ ጎማ ያለው ሻንጣ አይበረክትባቸውም። ውኃ ለመግዛት ገንዘብ አያውጡ። በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ አጫጭር የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ የሚወርደው ውኃ ለመጠጥ የሚሆን፣ ቀዝቃዛና ነጻ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈልቃል፤ ያኔ ጎንበስ ሳይሉ ይጠጣሉ።

ሜትሮው የትኛውን ቦታ ያደርሰኛል?

መስመሮቹ ሦስት ናቸው፦ ኤ ብርቱካናማ፣ ቢ ሰማያዊ፣ ሲ አረንጓዴ። ኤ እና ቢ የሚገናኙት ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ላይ ነው፤ ኤ እና ሲ ሳን ጆቫኒ ላይ ይገናኛሉ። ለቫቲካን ሙዚየምና ለቅዱስ ጴጥሮስ በኤ መስመር ኦታቪያኖ ይውረዱ፤ ለትሬቪ ባርቤሪኒ፣ ለስፓኛ ደረጃዎች ስፓኛ። ለኮሎሲየም በቢ መስመር ኮሎሴኦ ነው።

ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫ ላይ ነው። ሰሌዳዎቹ የሚጽፉት የመጨረሻውን ጣቢያ ስም ነውና እሱን ይያዙ። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን ሲሄዱ ባቲስቲኒ፣ ከተርሚኒ ወደ ኮሎሲየም ሲሄዱ ላውሬንቲና የሚለውን ይከተሉ። ቢ መስመር ቦሎኛ ከሚባለው ጣቢያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሬቢቢያ፣ ሌላው ዮኒዮ ይደርሳል። ሆቴልዎ በዚያ በኩል ከሆነ ከመሳፈርዎ በፊት የባቡሩን ግንባር ያንብቡ።

ትኬት ከየት ይገዛል? ዋጋውስ?

መደበኛው ትኬት ቢት ይባላል፤ 1.50 ዩሮ ነው። ከተመታበት (በማሽን ሰዓቱ ከታተመበት) ጊዜ ጀምሮ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስና ትራም የፈለጉትን ያህል መቀያየር ይችላሉ፤ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተርሚኒ ላይ ከኤ ወደ ቢ ሲዞሩ ከበሮቹ እስካልወጡ ድረስ ያው አንድ ጉዞ ነው። ወጥተው ከተመለሱ ደቂቃው ባያልቅም በሩ አይከፈትልዎትም። ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነጻ ይሄዳል።

የአውቶቡስ ሹፌር ትኬት አይሸጥም። የሚገዛው ከሜትሮ ጣቢያ ማሽን፣ ትልቅ የቲ ፊደል ከተሰቀለበት ታባኪ ከሚባለው የሲጋራ ሱቅ፣ ወይም ከጋዜጣ መሸጫ ነው። ሱቆቹ ማታና እሑድ ይዘጋሉና ሁለት ሦስት ትኬት ቀድመው ገዝተው ቦርሳ ውስጥ ይያዙ። በማስነካት የሚከፍል የባንክ ካርድ ካለዎት ደግሞ በሜትሮ በሮችና በአውቶቡስ ውስጥ ባሉት ማንበቢያዎች ላይ ማስነካት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል፤ ጠዋት በፕላስቲኩ ካርድ ከጀመሩም ወደ ስልክ አይቀይሩ፣ ሲስተሙ እንደ ሁለት ሰው ነው የሚቆጥርዎት። ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ካርድ በሩ ላይ እምቢ ካለ ማሽኑ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ ትናንሽ ኖቶችና ሳንቲም ይያዙ።

የብዙ ቀን ትኬት ያዋጣል?

ለአብዛኛው ጎብኚ አያዋጣም። የ24 ሰዓቱ 8.50፣ የ48 ሰዓቱ 15፣ የ72 ሰዓቱ 22 ዩሮ ነው። በ1.50 ሲያሰሉት የ24 ሰዓቱን ዋጋ ለመመለስ ስድስት ትኬት፣ የ72 ሰዓቱን ለመመለስ 15 ትኬት መጠቀም አለብዎት። መሐል ከተማ ያረፈና በእግሩ የሚሄድ ሰው በቀን ከሁለት ወይም ከሦስት አያልፍም።

ሚዛኑ የሚለወጠው ማረፊያዎ ሩቅ ሲሆን ወይም አረጋውያንን ይዘው አጭሩንም መንገድ በአውቶቡስ ሲያደርጉት ነው። የሳምንቱ ትኬት 29 ዩሮ ሲሆን ቀኑ የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ነው። ማታ ላይ ካስመቱት ያ ምሽት እንደ አንድ ሙሉ ቀን ይቆጠርብዎታል፤ ጠዋት ቢጀምሩት ይሻላል።

ትኬት ይዤ ነበር፤ ለምን ተቀጣሁ?

ስላልተመታ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ሜትሮ ላይ በሩ ራሱ ይመታዋል፣ አውቶቡስና ትራም ላይ ግን ማንም አይጠይቅዎትም። እንደገቡ በሩ አጠገብ ባለው ማሽን ራስዎ ማስመታት አለብዎት። ማሽኑ ካልሠራ በሌላኛው በር ያለውን ይሞክሩ። እሱም ካልሠራ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአውቶቡሱን ቁጥር በእስክሪብቶ ትኬቱ ላይ ይጻፉ። ካስመቱም በኋላ አይጣሉት፤ ተቆጣጣሪዎች መውጫ ላይ ቆመው ሊጠይቁ ይችላሉ።

ቅጣቱ 100 ዩሮ ሲደመር ሌላ ወጪ ነው፤ እዚያው ወይም በአምስት ቀን ውስጥ ከከፈሉት 54.90 ይሆናል። «ቱሪስት ነኝ፣ አላወቅሁም» የሚለው አይሠራም። ተቆጣጣሪው መታወቂያ ማሳየትና ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ስለሆነ ደረሰኝ ሳይቀበሉ ገንዘብ አይስጡ።

አውቶቡስ ላይ የት እንደምወርድ በምን አውቃለሁ?

ፌርማታው ላይ ያለው ሰሌዳ በቂ ነው፣ አነባበቡን ካወቁት። ከእያንዳንዱ የመስመር ቁጥር ሥር የፌርማታዎቹ ስም ከላይ ወደ ታች ተዘርዝሯል። አሁን የቆሙበት ፌርማታ በሳጥን ተከቧል። አውቶቡሱ ከዚያ ወደ ታች ያሉትን ይሄዳል፤ ከሳጥኑ በላይ ያሉትን አልፏቸው መጥቷል። የሚፈልጉት ስም ከሳጥኑ በላይ ካለ መንገዱን ተሻግረው ማዶ ያለው ፌርማታ ላይ ይቁሙ። በመንገዱ ጠባብነት የተነሳ መመለሻው በሌላ ጎዳና የሆነባቸው መስመሮችም አሉ፤ ስለዚህ መመለሻ ፌርማታውን ሲወርዱ ይጠይቁ።

ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ በየፌርማታው በመስኮት ስሙን እያዩ ከፎቶው ጋር ያስተያዩ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። አውቶቡሱ ሲመጣ እጅ ያንሱ፣ ካላነሱ ሊያልፍ ይችላል። መግቢያው የፊትና የኋላ በር፣ መውጫው መሐለኛው ነው። አውቶቡሱ ሲሞላ ሁለት ፌርማታ ሲቀር ጀምሮ ወደ መሐል በር መጠጋት ይሻላል፤ ቀዩን ቁልፍም አስቀድመው ይጫኑ።

የሰዓት ሰሌዳው ግራ ያጋባኛል፤ እንዴት ልቁጠር?

ጣሊያኖች የሚጽፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከ7:00 እስከ 24:00 ያለውን ስድስት ሲቀንሱለት በእኛ አቆጣጠር ይመጣል፤ ከ12 ካለፈ ሌላ 12 ይቀንሱ። 17:00 ከቀኑ 11 ሰዓት፣ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነትም በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ነው። ሮሚንግ የሌለው ስልክ ራሱን ላያስተካክል ስለሚችል ሲያርፉ ከአየር ማረፊያው ሰዓት ጋር ያስተያዩት።

ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ በምን ልግባ?

ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ የሚያርፈው ፊውሚቺኖ ነው። አራት አማራጭ አለ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ይገባል፣ 14 ዩሮ ነው። ኤፍኤል1 የሚባለው ሁለተኛው ባቡር 8 ዩሮ ነው፤ ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲየንሴ፣ ቱስኮላና እና ቲቡርቲና ይቆማል፣ ተርሚኒ ግን አይደርስም። ማረፊያዎ ትራስቴቬሬ ከሆነ ይሄኛው የተሻለ ነው፤ ኦስቲየንሴ ከወረዱ ደግሞ ከአጠገቡ ፒራሚዴ ጣቢያ ላይ የቢ መስመርን ያገኛሉ። የ1.50 ትኬት በሁለቱም ላይ አያገለግልም። የወረቀት ትኬት ከገዙ ከመሳፈርዎ በፊት መድረኩ አጠገብ ባሉት ማሽኖች ያስመቱት። ከሁሉ ርካሹ አውቶቡስ ነው፤ ከ6 እስከ 7 ዩሮ ገደማ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ታክሲ ቁርጥ ዋጋ አለው፤ በጥንቱ የአውሬሊያን ግንብ ውስጥ ላለ አድራሻ 55 ዩሮ። ሻንጣውን ይጨምራል፣ የሚከፈለውም ለመኪናው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ሒሳቡን ያስተውሉ፦ አራት አዋቂዎች በሊዮናርዶ 56 ዩሮ ይከፍላሉ፣ ከዚያም ከተርሚኒ ሻንጣ መጎተት አለ። ለአራት ሰው ታክሲው በር ድረስ ያደርሳል፣ ዋጋውም አይበልጥም። ለአንድና ለሁለት ሰው ባቡሩ ይሻላል። ከ4 እስከ 12 ዓመት ያለ አንድ ልጅ ከሚከፍል አዋቂ ጋር በሊዮናርዶ በነጻ ስለሚሄድ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሒሳቡን በዚያ ያስተካክል።

ታክሲው ከ55 ዩሮ በላይ ጠየቀኝ፤ ተጭበርብሬ ይሆን?

መጀመሪያ አድራሻውን ይመልከቱ። ቫቲካን አጠገብ ያለው የፕራቲ ሰፈር ከአውሬሊያን ግንብ ውጭ ነው፤ ብዙ ሆቴሎች ግን እዚያ ናቸው። እንዲህ ላለ አድራሻ በቆጣሪ መክፈል ሕጋዊ ነው። ተርሚኒ፣ ፓንቴዮንና ትሬቪ ግን ከግንቡ ውስጥ ናቸው፤ ለእነሱ ከ55 በላይ አይከፈልም። ዋጋው በታክሲው በር ላይ ስለሚጻፍ ከመግባትዎ በፊት ሹፌሩን ይጠይቁ።

ሁለተኛው፣ መኪናው እውነተኛ ታክሲ መሆኑ ነው። ሕጋዊው ነጭ ነው፤ ጣሪያው ላይ ታክሲ የሚል ምልክት፣ በሩ ላይ የከተማው አርማና የፈቃድ ቁጥር አለው። በመድረሻ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ ሻንጣ ለመያዝ የሚጠጋዎት ሰው ሕጋዊ ሹፌር አይደለም፤ ሕጋዊዎቹ ውጭ በሰልፍ ይጠብቃሉ። ካርድ መቀበል የሹፌሩ ግዴታ ነው። በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉ 50 ዩሮ ሲሰጡ መጠኑን ጮክ ብለው ይናገሩ፤ 50ውን በ10 ቀይሮ «ይሄን ነው የሰጡኝ» የማለት ማጭበርበር የታወቀ ነው።

ከተማ ውስጥ ታክሲ እንዴት ልጥራ?

መንገድ ላይ እጅ ማንሳት ብዙም አይሆንም፤ ወደ ታክሲ ተራ ይሂዱ። ተርሚኒ ፊት፣ ፒያሳ ቬኔዚያ፣ ላርጎ አርጀንቲናና ፒያሳ ባርቤሪኒ ተራ አላቸው። በስልክ ለመጥራት 06 0609 ወይም 06 3570 ነው። ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር ስልክ ሲደውሉ ከፊቱ +39 ይጨምሩ፤ ዜሮውን አያስቀሩት። አድራሻውን ሲነግሩ አንድ የታክሲ መለያ ስምና ቁጥር፣ ከዚያም የሚደርስበት ደቂቃ ይነገርዎታል፤ ይጻፉት፣ መኪናው ሲመጣም ያስተያዩ። ጣሊያንኛ ካስቸገረዎ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ወይም የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ይደውልልዎታል።

በስልክ የተጠራ ታክሲ ሲደርስ ቆጣሪው ላይ የተቆጠረ ገንዘብ ቢያዩ አይደንግጡ። ቆጣሪው የሚጀምረው ጥሪውን ከተቀበለበት ቦታ ነው።

ማታ ሜትሮ ከዘጋ በኋላስ?

ሜትሮው በአዘቦት ቀን እስከ 23:30 (ከምሽቱ 5:30)፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 1:30 (ከሌሊቱ 7:30) ይሠራል። ለጥገና ቀደም ብሎ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ማስታወቂያውን ጣቢያው ላይ ያንብቡ። ከዚያ በኋላ ስማቸው በኤን ፊደል የሚጀምር የሌሊት አውቶቡሶች አሉ፤ ኤንኤምኤ የኤ መስመርን፣ ኤንኤምቢ የቢ መስመርን መንገድ በላይ በላይ ይከተላሉ። በየሰዓቱ ብዙም አይመጡምና ሌሊት ተርሚኒ አካባቢ ቆሞ ከመጠበቅ፣ በተለይ ብቻውን ለሆነ ሰው፣ ታክሲ የተሻለ ነው እንላለን።

የትኛው መስመር ላይ ነው ኪስ አውላቂ የሚበዛው?

ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በዚህ ስሙ ወጥቷል፤ ቀጥሎ የሜትሮ ኤ መስመር፣ በተርሚኒና በስፓኛ መካከል። አሠራሩ ይኸው ነው፦ በሩ ሊዘጋ ሲል ከፊትዎ ያለው ሰው ድንገት ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ሦስተኛው እጁን ይሰዳል፣ በሩ ሳይዘጋ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከበሩ ራቅ ብለው ውስጥ ይቁሙ፣ የጀርባ ቦርሳን ወደ ደረት ያዙሩ፣ ስልክን ከኋላ ኪስ ያውጡ። ትኬት ማሽን ላይ «ልርዳዎት» ብሎ የሚመጣም ሰው መልስዎን ወይም ቦርሳዎን ነው የሚያየው።

ፓስፖርት ከጠፋ ለፖሊስ ያመልክቱና የማመልከቻውን ቅጂ ይያዙ፤ ሮም ያለው ኤምባሲያችን የሚጠይቀው እሱን ነው።

የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ቀላልም ነው። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ወርደው ሲወጡ የሚያዩት ትልቅ ሕንፃ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ለጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። ከፊቱ ያለው ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ከ1937 ጀምሮ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልታችን ቆሞ ነበር። በ2005 አክሱም ተመለሰ፣ በ2008 ዳግም ተተከለ። ከዚያ ኮሎሲየም በእግር ሩብ ሰዓት ነው።

አውቶቡሶች የሚነሱበት የተርሚኒው ፊት ለፊት አደባባይ፣ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ (የአምስት መቶዎቹ አደባባይ)፣ ስሙን ያገኘው በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ከደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው። የመታሰቢያ ሐውልቱም እዚያው ቅርብ በዲዮክሌዚያኖ መታጠቢያ አጠገብ ባለው መናፈሻ ውስጥ ይገኛል። አውቶቡስ በመጠበቅ ላይ ሳሉ ሄደው ሊያዩት የሚገባ ነው።

ሥራ ማቆም አድማ ካለ ምን ላድርግ?

አድማው በጣሊያንኛ ሾፔሮ ይባላል፤ አስቀድሞ ይነገራል፣ ብዙ ጊዜም ዓርብ ይሆናል። በሮም የከተማ ትራንስፖርት ላይ በሕግ የተጠበቁ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች አሉ፦ ከአገልግሎት መጀመሪያ እስከ 8:30 (ከጠዋቱ 2:30) እና ከ17:00 እስከ 20:00 (ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት)። ሩቁን ጉዞ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ አድርገው መሐሉን በእግር ይሸፍኑት። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስም በአድማ ቀን በአውቶቡስ ሊተካ ይችላል። የመመለሻ በረራዎ በዚያ ቀን ከዋለ ከወትሮው ሁለት ሰዓት ቀድመው ይነሡ፣ ታክሲውንም በዋዜማው በሆቴሉ በኩል ያስይዙ።

መኪና ተከራይቼ ብነዳስ?

ለመሐል ከተማ አይከራዩ። የታሪካዊው ክፍል ዜድቲኤል የሚባል የተገደበ ዞን ነው፤ ፈቃድ የሌለው መኪና ሲገባ ካሜራ ሰሌዳውን ያነሳዋል። ቅጣቱ በእያንዳንዱ መግቢያ ለየብቻ ነው፤ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የገባ ሰው ሦስት ቅጣት ይደርሰዋል፣ ደብዳቤውም ከወራት በኋላ አገርዎ ድረስ ይመጣል። አከራዩ ድርጅት ስምዎን ለፖሊስ ለሰጠበት በተጨማሪ ከካርድዎ ይቆርጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመግቢያው ላይ ያለውን የብርሃን ሰሌዳ በማንበብ ነው። «ቫርኮ አቲቮ» ሲል ካሜራው እየሠራ ነው፣ አይግቡ ማለት ነው፤ «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ሲል መግባት ይቻላል። አቲቮ የሚለውን «ክፍት» ብለው ተረድተው የሚገቡ ብዙ ናቸው። ከከተማ ውጭ ለመሄድ መኪና ካስፈለገዎ ከአየር ማረፊያው ይከራዩና ወደ መሐል ሳይገቡ ይሂዱ፤ ከኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ጋር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከአገር ቤት አውጥተው መምጣትም ያስፈልጋል። ለባሕር ዳርቻና ለጥንታዊቷ ኦስቲያ ግን መኪና አያሻም፤ ፒራሚዴ ሜትሮ አጠገብ ከሚገኘው ፖርታ ሳን ፓኦሎ ጣቢያ የሚነሣው ሜትሮማሬ ባቡር በዚያው በ1.50 ዩሮ ትኬት ያደርሳል።